ምዕራፍ ሰባት፦ መኪናው መሬት የሚነካበት ቦታ

ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ጠዋት የዋሻው አፍ በጉም ይሸፈናል፣ አስፋልቱ ውሃ አዝሎ ያብለጨልጫል። ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፎ ይፋት ቆላ ሲገባ ደግሞ ማሽላና ማሾ የሚዘራበት፣ ሽንኩርት የሚጫንበት ሙቅ ሜዳ ይቀበላል። አንድ መኪና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከእርጥብ ወደ ደረቅ፣ ከጠመዝማዛ ወደ ቀጥታ ይሸጋገራል። ጎማው ግን ያው ነው።

ስለ ጎማ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። አንድ ጎማ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ጉዞ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ከ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለችውን፣ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላትን ቶዮታ ኮሮላ ጨምሮ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለንን መኪና ጠብቀን መንዳት ግዴታችን ሆኗል። ያረጀ መኪና በመሪው እንዲታዘዝ፣ በፍሬኑ እንዲቆም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡን የት ያውል ቢባል፣ መልሴ ጎማው ላይ የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ከሒሳቡ እንጀምር።

አንድ መቶ ሃምሳ ካሬ ሴንቲ ሜትር

ዲኤክሷ ከነተሳፋሪዎቿና ከነጓዟ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ቢካፈል እያንዳንዱ 300 ኪሎ ይሸከማል። ጎማው 30 ፒኤስአይ ንፋስ ተሞልቷል፤ ፒኤስአይ ማለት ጎሚስታው በመለኪያው ላይ የሚያነበው የግፊት ልክ ነው። 30 ፒኤስአይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ያህል ይገፋል። እንግዲህ 300 ኪሎውን ለመሸከም 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ርዝመቱም ስፋቱም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ። ጣቶቹን ገጥሞ የተዘረጋ የአንድ ሰው እጅ ያህል።

ባለፈው ምዕራፍ ፍሬን የሚያቆመው መንኮራኩሩን እንጂ መኪናውን አለመሆኑን አይተናል። መኪናውን የሚያቆመው መንገዱ ነው። ስለ መሪም እንዲሁ ነው፤ መሪ የፊት ጎማዎቹን ያዞራል፣ መኪናውን የሚያዞረው ግን መንገዱ በእነዚያ አራት ቁራጭ ቦታዎች በኩል የሚመልሰው ግፊት ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ከእነዚህ አራት ቦታዎች አቅም በላይ ምንም ሊሠራ አይችልም።

አቅሙ ደግሞ የጋራ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ በመታጠፊያ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ያዛል፦ መቆምና መዞር። ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበትን አቅም ሁሉ 100 ብንለው፣ 100ውን ለፍሬን የወሰደ ሰው ለመዞር ምንም አይተርፈውም፤ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ይሄዳል። 80ውን ለፍሬን ከወሰደ ለመዞር የሚቀረው፣ እንደሚመስለው 20 ሳይሆን 60 ነው። ሁለቱ ግፊቶች በማዕዘን ስለሚገናኙ ነው፤ በትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ እዚህም ይሠራል። ፍሬኑን ጥቂት ላላ ማድረግ መኪናውን ወደ መንገዱ የሚመልሰውም ለዚህ ነው። አዲስ ጎማ የሚጨምረው ይህንኑ 100ን ነው። ሌላው የመኪና ዕቃ ሁሉ ያለውን ያከፋፍላል እንጂ አይጨምርም።

ግመሉ ፋሬ ላይ ለምን ቆመ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ጓዙን ከታጁራ ጀምሮ የአፋርን በረሃ ያሻገሩት ግመሎች ነበሩ። ከይፋት ጫፍ፣ ከፋሬ ግን አላለፉም። ከዚያ በላይ ወደ አንኮበር ያለውን ዳገት ጓዙ በሰው ትከሻ ወጣ። የቆላው ሲራራ ነጋዴም እንዲሁ ግመሉን ከግርጌ አቁሞ፣ ሸክሙን ለበቅሎና ለአህያ ያስረክብ ነበር።

ምክንያቱ የግመሉ እግር ነው። ግመል እንደ በቅሎ ጠንካራ ሰኮና የለውም። የሚረግጠው ስብ በያዘ ሰፊና ለስላሳ መርገጫ ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት ይዘረጋል፣ የመሬቱንም ቅርጽ ይይዛል። በደረቅ አሸዋና በጠጠር ላይ የሚተካከለው የለም። ዝናብ የመታው ጭቃ ላይ ግን ያ ልስላሴ ይከዳዋል። ከእግሩ በታች ያለው ውሃ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለ እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ይሸሻሉ፣ ከነሸክሙም ይወድቃል።

የጎማ ሥራም እንዲሁ ነው። አስፋልት በዓይን ሲታይ ለጥ ያለ ቢመስልም በጥቃቅን ጠጠሮች የተሞላ ነው። ጎማው ሲጫነው ይለሰልስና በየጠጠሮቹ መካከል ይገባል፤ መያዝ የምንለው ይህንን ነው። ለመያዝ የሚያስፈልገው ለስላሳ ጎማ እንጂ የጎማ ጥርስ አይደለም። እንዲያውም በደረቅ ቀን የውድድር መኪኖች ምንም ጥርስ የሌለው ጎማ ያስራሉ፤ ጥርስ ማለት ከጎማው ላይ የተቀነሰ ቦታ ነውና።

ብዙ አሽከርካሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሙልጭ ባለ ጎማ ከሸዋ ሮቢት አጣዬ፣ ከአጣዬ ካራቆሬ በበጋ ሲመላለስ የከረመ ሰው ጎማው እንዳልከዳው ያውቃል። እውነቱን ነው፣ በደረቅ አስፋልት ላይ አልከዳውም። ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ግን ያንኑ የቆላ ጎማ ይዞ ጣርማ በር ይደርሳል። ግመሉን ይዞ አንኮበር እንደ መውጣት ነው።

ውሃው የት ይሂድ

የጎማ ጥርስ የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አስፋልቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ ተኝቷል እንበል። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በአንድ ሰከንድ 8 ሊትር ያህል ውሃ ከመንገዱ ላይ ማስለቀቅ አለበት፤ ያውም አንዱ ጎማ ብቻ። እያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ ከጎማው ሥር የሚቆየው የሰከንድ መቶኛ ግማሽ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ውሃው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ካልሸሸ ከጎማው ፊት ይከማችና እንደ ሽብልቅ ከሥሩ ይገባል፤ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መሪው በድንገት ቀለል ሲል ይታወቃል። ያን ጊዜ ከላይ የቆጠርነው 100 ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ይህን ነገር በዝርዝር ያጠኑት በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የአሜሪካው ናሳ መሐንዲሶች ናቸው፤ ያሳሰባቸው በእርጥብ ማረፊያ ላይ የሚንሸራተት አውሮፕላን ነበር። ያገኙት ስሌት ውሃው ከጎማው ጥርስ ጥልቀት ሲበልጥ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት ከጎማው የንፋስ ልክ ያወጣል። 30 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። 20 ፒኤስአይ ብቻ ከያዘ 74 ላይ። ጥርሱ ያለቀና ንፋሱ የጎደለ ጎማ በሁለት በኩል ተጎድቷል ማለት ነው።

በአዲስ የቤት መኪና ጎማ ላይ ጥርሱ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። በቦዮቹ ውስጥ ጎማውን አቋርጠው የተቀመጡ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጎማው ተበልቶ ከእነርሱ ጋር ሲስተካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ማለት ነው፣ በብዙ አገሮችም ከዚያ በታች መንዳት ክልክል ነው። እኔ ግን በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው 1.6 አልመክርም። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር፣ ያውም ክረምት ሳይገባ፣ መለወጥ ይገባል። የይፋት ሜዳ ራሱ ሁልጊዜ ደረቅ አይደለም። ደጋው ሲዘንብ የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ይሞላሉ፤ ጎርፍ አስፋልት ላይ የሚተወው ስስ ደለል ከውሃውም የባሰ ነው።

ጥርስ ያለው ግን የሞተ

ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሞተ ጎማም አለ። በእኛ አገር የሚዘነጋው ይህ ይመስለኛል። ቻርለስ ጉድይር በ1839 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ጽኑና የሚለጠጥ እንደሚያደርገው ደረሰበት፤ የዛሬውም ጎማ በዚሁ መንገድ ይበስላል። መብሰሉ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ፈጽሞ አይቆምም። ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጎማውን ቀስ በቀስ ያጠነክሩታል፤ በጎኑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ። በኬሚስትሪ እንደ መነሻ የሚያዘው ደንብ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ያለው ለውጥ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል የሚል ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ የሚውል ጎማ ደብረ ብርሃን ከሚውለው እጅግ ቀድሞ ያረጃል። የጠነከረ ጎማ በጠጠሮቹ መካከል አይገባም፤ ልስላሴውን ካጣ በደረቁም መያዝ ይሳነዋል። ምናለሽ ተራ በረባሶ ሆኖ ሌሎች ዓመታት ያገለግል ይሆናል፣ ለመኪና ግን አብቅቷል።

ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። መርካቶ ጎማ ተራም ሆነ ሸዋ ሮቢት ዋና መንገድ ላይ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ይህን ይዩ። ስድስት ዓመት ካለፈው፣ ከነማሸጊያውም ቢሆን፣ አዲስ ተብሎ በአዲስ ዋጋ መሸጥ የለበትም። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታው የተሰቀለውንም አይግዙ። ያገለገለ ጎማ ርካሽ ነው፣ ኪስን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዕድሜው አሥር ዓመት የሞላውን ጎማ በምንም ዋጋ አያስሩ።

ሁለት ብቻ መግዛት ከቻልን

አራቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ጥቂት ነው። ሁለት ብቻ ይገዛና ጎሚስታው ይጠይቃል፦ «አዲሶቹን ፊት ላድርግልዎት አይደል ጋሼ?» ጋሼም «አዎ፣ መሪው ያለው ፊት አይደል?» ይላሉ። አሳማኝ ነው፣ ነገር ግን ስሕተት ነው። አዲሶቹ ከኋላ መታሰር አለባቸው፤ ዋና ዋናዎቹ የጎማ አምራቾችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

የፊት ጎማ በመታጠፊያ ላይ ሲከዳ መኪናው መዞር የሚገባውን ያህል አይዞርም። አሽከርካሪው መሪው ሲቀልለው ይሰማዋል፤ ነዳጁን ሲለቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ክብደቱም ወደ ፊት ስለሚመጣ ጎማው መልሶ ይይዛል። የኋላ ጎማ ሲከዳ ግን ከመሪው በኩል የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጭራው ወደ ውጭ ይወጣል፣ መኪናው በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ነዳጅ መልቀቅና ፍሬን መያዝ ክብደቱን ከኋላ ወደ ፊት ስለሚያሸሽ ነገሩን ያብሰዋል፤ ደንግጦ የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ከመነሻውም ክብደቱ ወደ ፊት አዘንብሏል፣ የኋላው ቀሎ ነው ያለው። ዲኤክስ የምትነዳው በኋላ ጎማዋ መሆኑንም እንጨምርበት፤ በእርጥብ መታጠፊያ ነዳጅ የረገጠ ሰው ከእነዚያ ሁለት ጎማዎች ድርብ ሥራ ይጠይቃል። ከፊት የቀሩት አሮጌዎች ግን ጥርስ ያላቸው መሆን አለባቸው። ሙልጭ ያለ ጎማ ከየትም ወገን ቦታ የለውም።

ቆላ ሲወረድ ንፋስ ይቀነሳል?

«ቆላ ስለምትወርድ ንፋስ ቀንስ፣ ይፈነዳብሃል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሆኖ ጎማው 30 ፒኤስአይ ተሞላ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ አየሩ 33 ዲግሪ ሲሆን በጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ሞቆ ግፊቱ በ3 ተኩል ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ሌላም የተለወጠ አለ። ከፍታው ሲቀንስ ከውጭ የሚጫነን አየር ይከብዳል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ልዩነቱ ከ2 ፒኤስአይ በላይ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው የውስጡና የውጩ ልዩነት ነውና የውጩ ሲከብድ ንባቡ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ጥላ ሥር አርፎ ጎማው ከጉዞው ሙቀት ሲበርድ መለኪያው 31 ተኩል ገደማ ይላል። አድሮ በማግሥቱ ጠዋት፣ አየሩ 19 ዲግሪ ሳለ፣ እንደገና ወደ 30 ይጠጋል። ሙቀቱና ከፍታው እርስ በርሳቸው ተጣፍተዋል።

ጉዞው ራሱ ግን ጎማን ያሞቃል፤ ረጅም መንገድ እንደ ሄደ ቢለካ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። አምራቹ ይህን አስቦ ነው ልኩን የወሰነው። ጎማው በጋለበት ሰዓት የሚያስተነፍስ ሰው ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይተርፈዋል። ጎማን የሚያፈነዳው ደግሞ ከሁሉ በላይ ጉድለት ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ በብዙ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ጎማውንና በውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ ያያያዘውን ያላላል። በአጣዬ ሜዳ በእኩለ ቀን፣ ከበላዩ ሽንኩርት ተጭኖ፣ በሙሉ ፍጥነት ሲነዳ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ነው። ጠዋት፣ ከመነሣት በፊት፣ በበረደ ጎማ ይለኩ። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፤ ለባዶና ለጭነት ለየብቻ ይጻፋል።

ልኩና ቸርኬው

በጎማው ጎን ላይ 175/70 አር 13 82 ቲ የሚል ጽሑፍ እናንብብ። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ 13 የቸርኬው ልክ በኢንች። 82 የሚለው ቁጥር ጎማው እስከ 475 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር እንደሚፈቀድለት ይገልጻል። አር ራዲያል ማለት ነው። ሚሸሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1946 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት አሠራር ሲሆን፣ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ቀበቶ ይታሰራል። በዚህም ጎኑ በመታጠፊያ ላይ ሲጣመም ጥርሱ መሬቱን ሳይለቅ ይቆያል። ራዲያልና ራዲያል ያልሆነ ጎማ በአንድ መኪና ላይ መደባለቅ አደጋ ነው፤ ሁለቱ በመታጠፊያ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

ዲኤክስ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት 155 ስፋት ያለው ጠባብ ጎማ ነው። 175/70 በ13 ቸርኬ ላይ ሲታሰር የውጭ ቁመቱ ከዚያ ብዙም አይለይም፤ ጎኑ ከስፋቱ አንጻር አጠር ስለሚል መሪው ሲዞር መኪናው ቶሎ ይመልሳል። ከዚያ በላይ ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ ለማሳመር የሚያስሩ አሉ። አልደግፈውም። ሰፊ ጎማ በሩጫ ጊዜ ውሃውን ወደ ጎን ለማስወጣት ረጅም መንገድ ይሻል፣ መሪውን ያከብዳል፣ አጭር ጎኑም በጉድጓድ ላይ ይሰነጠቃል።

ከታሰረ በኋላ

አዲስ ጎማ ያረጀውን መሪ አያድነውም። በምዕራፍ አራት ያየናቸው የመሪ መጋጠሚያዎችና ሾክ አብዞርበሮች ካለቁ አዲሱን ጎማ በጥቂት ወራት በአንድ ጎኑ ይበሉታል። እንዲያውም አሮጌው ጎማ ሸፍኖት የነበረው ልቅነት አዲሱ ሲታሰር ይበልጥ ይሰማል፤ ገዢው «ጎማው ነው ያበላሸብኝ» ይላል። ባላንስና አላይመንት ማሠራት ከጎማው ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው፣ ከጎማው ጋር አብሮ መታሰብም አለበት። ንፋስ ማስገቢያ ቫልቩም ጎማ ነውና አብሮ ይለወጥ።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ሲወጣ እንዳይጣበቅ የተቀባው ፈሳሽ በላዩ ላይ ይቀራል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይዝም። እነዚህን ኪሎ ሜትሮች ጣርማ በር ላይ ሳይሆን በሜዳው ላይ መጨረስ ይሻላል፦ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃና ሰንበቴ፣ ከዚያም ወደ አጣዬ፣ በልከኛ ፍጥነት፣ ፍሬን በድንገት ሳይያዝ። የቸርኬው ብሎኖች ከታሰሩ በኋላ ትንሽ ይላላሉና 50 ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ በመፍቻ አንድ ጊዜ ይጠበቁ።